የራዲዮና የካውያ እንግሊዝኛ

ትልቅ የአልጋ አንሶላ ብቻዬን አጥፋለሁ የሚል ሰው ካለ፣ ወይ አጥፎ አያውቅም፣ ወይ የሚተኛው ተጨማዶ ነው። አንሶላ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋ ሁለቱን፤ ሸሸት ብለው ይወጥሩታል፣ አንዴ ያራግፉታል፣ ከዚያ እየተራመዱ ይገናኛሉ። ጫፍ ከጫፍ ይገጥማል፣ አንዷ ትረከባለች፣ ሌላዋ ጎንበስ ብላ እጥፋቱን ከታች ታነሳለች። እንደገና ይራራቃሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሴቶች እንዲህ ሲራራቁና ሲገናኙ ልጆቻቸው ለወግ ለማዕረግ በቁ።

አንደኛዋን ራዲዮ ይሏታል። ለምን እንደሚሏት የሚጠይቅ ሰው አጠገቧ ቆሞ አያውቅም ማለት ነው። ጠዋት የሥራ ልብሷን ስትቀይር ትከፈታለች፤ ማታ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣም አትዘጋም፣ ድምፁ እየራቀ ይሄዳል እንጂ። የምታወራው ክፋት የለበትም። ስለ ሳሙናው፣ ስለ ጎረቤቷ ድመት፣ ስለ ባሏ ኩርፊያ፣ ስለ እንግዶቹ ካልሲ። በተለይ ስለ ካልሲው። ሰው ሆቴል ሲገባ አንዱን ካልሲ ቤቱ ጥሎ ነው የሚመጣው የሚል ጽኑ እምነት አላት፣ ማንም አያስለቅቃትም።

ሁለተኛዋ ልብስ ተኳሿ ናት፤ ካውያ ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ብቻ አይደለም። ዝም ብላ ትግላለች፣ ዝም ብላ ትሠራለች፣ አልፎ አልፎ አንድ ቃል እንደ እንፋሎት ሹልክ ይልባታል፣ አበቃ። ቁጣዋም አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ አንዴ የታጠፈ ልብስ አይዘረጋም። ጫፉ ቢዛነፍም፣ ሌላ ሰው ያጠፈው ቢሆንም፣ ሥራ አስኪያጅ ቢጠይቅም አይዘረጋም። አንድ ጊዜ ራዲዮ የተደረደረውን ፎጣ ገልጣ ልታይ ስትል እጇን በመስቀያ ቸብ አድርጋታለች። ራዲዮ ያንን እጇን ለሳምንት ለአላፊ አግዳሚው ስታሳይ ከረመች።

ሁለቱ እንዴት ተስማሙ ብትሉ፣ ነገሩ ቀላል ነው፤ አንዷ የምታወራውን ሌላዋ ትሰማለች። ከዚያም አልፎ ራዲዮ በካውያ ፈንታ መልስ መስጠት ልማድ ሆኖባታል። ካውያን “ምሳ በላሽ?” ብሎ የሚጠይቃት ሰው “በልታለች፣ ግን ጨው በዝቶበት ነበር” የሚል መልስ ከራዲዮ ያገኛል። “ራስሽን ተሻለሽ?” ሲሏት “ትናንት ነው የባሰባት፣ ዛሬ ደህና ናት” ትላለች ራዲዮ። ካውያ ራሷን ትነቀንቃለች። ይሄ ሁሉ በፍቅር ነው፤ ራዲዮን ብትጠይቋት ሸክም እያቀለልኩላት ነው ነበር የምትለው።

ክፍሉ ከመሬት በታች ስለሆነ ያለው አንድ መስኮት ከእግረኛው መንገድ እኩል ነው። በዚያ መስኮት ሰማይ አይታይም፣ የሚታየው እግር ነው። ሲያልፍ ሲያገድም የሚውለውን እግር እያዩ ሰውየውን መገመት የዘወትር ጨዋታቸው ነው። “ይቺ ቀጠሮ አርፍዳለች” ትላለች ራዲዮ። “ይሄኛው ደግሞ ጫማው የወንድሙ ነው፣ ተረከዙ ሲያመልጥ አየሽው?” ካውያ ካውያዋን ሳታቆም ፈገግ ትላለች።

እንዲህ እያሉ በሰላም ሲኖሩ፣ የላውንደሪው ኃላፊ ጋሼ ቀስበሉ አንድ ቀን ደረጃውን ወርደው መጡ። ቀስበሉ የተባሉት ሳሙና ሲቀዳም፣ ማሽን ሲከፈትም፣ ሰው ሲያስነጥስም “ቀስ በሉ” ስለሚሉ ነው። ሆቴሉ ባለቤት ቀይሯል፣ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥታለች፣ እሷ ደግሞ አዲስ ነገር አምጥታለች። ከእንግዲህ የእንግዶቹን ልብስ ከየክፍሉ ሄደው የሚቀበሉትና የሚመልሱት ራሳቸው የላውንደሪ ሠራተኞች ናቸው። እንግዳው በር ላይ ቆሞ ይሄ ሸሚዝ፣ እነዚህ ሸሚዞች ሲል በእንግሊዝኛ መግባባት ያስፈልጋል። ስለዚህ በቃል ፈተና አለ፤ የዕቃ ስም፣ አንድ ሲሆንና ሲበዛ። ያለፈ እዚሁ ይቀራል። ያላለፈ ከከተማ ውጭ ወደተከፈተው ትልቁ ማጠቢያ ይዛወራል።

“እዚያ ሥራው ይቀላል” አሉ ጋሼ ቀስበሉ፣ ክፉ ወሬ ላለማውራት ያህል። “እርጥቡን አንሶላ ማሽኑ ውስጥ ታስገቢዋለሽ፣ በዚያኛው በኩል ደርቆ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ይወጣል።”

“ማነው የሚያጥፈው?” አለች ራዲዮ።

“ማሽኑ ራሱ ነዋ።”

“ራሱ? ከማን ጋር?”

ጋሼ ቀስበሉ ቀስ በሉ ብለው ወጡ።

ደመወዙ እዚያም ያው ነው። የሚያስፈራው እሱ አልነበረም። ራዲዮ የዚያን ዕለት ከሰዓት አንሶላ ስታጥፍ በጫፉ ማዶ የቆመችውን ሴት አየች። አንዳችን አልፈን አንዳችን ብንወድቅ፣ ይሄን ጫፍ ማን ይዞልኝ ነው የምቆመው? እንዲህ ብላ አሰበች፤ ማሰብ ብቻም አይደል፣ አለችውም። “ስሚ፣ ሁለታችንም ማለፍ አለብን። አንቺ እዚያ እኔ እዚህ ሆነን እኔ ሥራ አልሠራም፣ ነገርኩሽ።” ካውያ ጫፉን አቀብላት ጎንበስ አለች። ስትነሳ ዓይኗ ቀላ ብሎ ነበር፤ ከእንፋሎቱ ሊሆን ይችላል።

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ፣ ሪሴፕሽኒስቷ፣ ደግ ልጅ ናት። የምሳ ሰዓቷን ሰውታ ምድር ቤት እየወረደች፣ የሳሙና ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣ ታስተምራቸው ጀመር። መጀመሪያው ላይ ነገሩ ውሃ መጠጣት ነበር። ቶወል ሲበዛ ቶወልስ፣ ሸርት ሲበዛ ሸርትስ። ራዲዮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ “ይሄው ነው እንግሊዝኛ? መጨረሻው ላይ ስ ማለት? ይሄን ፈርተን ነው እንዴ እስከዛሬ አንገታችንን ደፍተን የኖርነው?” አለች።

በማግስቱ ነገር ተበላሸ።

“አንድ እግር ፉት ይባላል፣ እትዬ። ሁለት ሲሆን ፊት።”

“ቆይ። እግሬ ሁለት በመሆኑ ፊት ሆነ?”

“በእንግሊዝኛ አዎ።”

“ፊቴስ ምን ሊሆን ነው?”

“ፌስ።”

“ሲበዛ?”

“ፌሰስ።”

“እሱን ተዪው፣ እኔ ያለኝ አንድ ፊት ነው” አለች ራዲዮ። ግን ተናዳለች። በመስኮቱ የሚያልፈውን እግር ሁሉ የከዳት ይመስል አፈጠጠችበት። ማን ሲበዛ ሜን፣ ቱዝ ሲበዛ ቲዝ። ቻይልድ ደግሞ ቺልድረን። “ልጅ ሲበዛ ጠባዩ ይቀየራል፣ እሱስ ልክ ናቸው” ብላ ይቺን ብቻ ተቀበለች። ሺፕ የሚባለው በግ ግን አንድም ቢሆን መንጋም ቢሆን ሺፕ ነው ስትባል ትምህርቱን ጥላ ልትነሳ ነበር። “ታዲያ እረኛው በጉ መብዛቱን በምን ያውቃል? ሲቆጥረው ሊያድር ነው?” ልጅቷ ከሳቋ የተነሳ ምሳዋን ሳትበላ ሰዓቷ አለቀ።

ብልሃቱን ያገኘችው ራዲዮ ናት፤ እውነት ለመናገር። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ጠዋት ስትመጣ ጋሪዎቹን ደረደረች። “እኛ ምን እናውቃለን? ልብስ መለየት። እንግዲህ እንለየዋ።” ዝም ብለው ስ የሚባሉት ነጭ ልብስ ናቸው፤ አንድ ላይ ተወርውረው ይታጠባሉ፣ ችግር የለባቸውም። ግላሰስ፣ ድሬሰስ፣ ቦክሰስ እያሉ መጨረሻቸው የሚረዝመው ባለ ቀለም ናቸው፤ እነሱ የራሳቸው ጋሪ አላቸው። ናይፍ ብለው ናይቭስ የሚሆኑት፣ ስካርፍ ብለው ስካርቭስ የሚሆኑት ሐር ናቸው፣ ቀስ ተብለው ነው የሚያዙት። ሜን፣ ውሜን፣ ቺልድረን፣ ፊት፣ ቲዝ ደግሞ ቀለም የሚለቁ ስለሆኑ ለብቻቸው በእጅ ይታጠባሉ፤ ከሌላው ጋር የቀላቀለ ወየውለት። በጉ የማይታጠብ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሪሴፕሽኒስቷ ይሄን ሰምታ እኔም በልጅነቴ እንዲህ ባስተማሩኝ አለች። የተቸገሩት በሱሪ ብቻ ነው።

“ትራውዘርስ። አንድም ቢሆን ትራውዘርስ ነው” አለች ልጅቷ።

“ሁለት እግር ስላለው ይሆናል” አለች ራዲዮ፣ አሁን የባለሙያ ድምፅ አውጥታ። ትንሽ ቆይታ ግን ተነሳባት። “ሸሚዝስ ሁለት እጅ የለውም?”

“እትዬ፣ እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት።”

ትምህርቱ እንዲህ እየሞቀ ሲሄድ አንድ ነገር ሳይስተዋል ቀረ። ሪሴፕሽኒስቷ ወደ ካውያ ዞር ብላ “እርስዎስ፣ ስካርፍ ሲበዛ?” ስትል “ስካርቭስ፣ ታውቀዋለች” የሚል ድምፅ ከጎን ይመጣል። “ውሜን አንድ ሲሆን?” “ውማን ነው፣ አሁን ለእኔ ነግራኛለች።” ካውያ ምንም አልነገረቻትም። ራሷን ነቀነቀች እንጂ።

አንድ ቀን ልጅቷ ደረጃው ላይ ራዲዮን ወደ ጎን ሳበቻት። “እትዬ፣ አይቀየሙኝና፣ እሳቸው እስካሁን አንድ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም።”

“ልቧ ውስጥ አለ።”

“ፈተናው በቃል ነው፣ እትዬ። ልብ አያዩም።”

ራዲዮ ተቀየመች። ቤቷ ስትገባ ለጎሚስታው ባሏ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ዘረገፈችለት፤ ያቺ ልጅ፣ ጡት ሳትጥል፣ እኔን። ባሏ ጎማ ሲጠግን የዋለ እጁን እየታጠበ ሰማት፣ ሰማት፣ ከዚያ ፎጣውን ተቀበለ። “እኔም እኮ ካገባሁሽ ጀምሮ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር” አለ።

“ምን?”

“ተራዬ ሲደርስ።”

ሳቀባት፣ እሷ ግን አልሳቀችም። አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ሄዳ አሰበች። ካውያ ምሳው ጨው በዝቶበታል ብላ ነበር ወይስ እኔ ነኝ ያልኩት? አላስታወሰችም።

ጠዋት ዝም ልትል ቆርጣ መጣች። አፏን ጥርቅም አድርጋ ቦርሳዋን ሰቀለች። ጋሼ ቀስበሉ አይተዋት “አመመሽ እንዴ?” አሉ። የታጠበውን ጋሪ እየገፋች ወደ መተኮሻው ክፍል ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ከውስጥ ድምፅ ሰማች። ቆመች። ካውያ ብቻዋን ናት፤ ካውያዋ ሄደ መለስ ሲል ድምፁ ከሱ ጋር ይሄዳል ይመለሳል። ሲሄድ “ሊፍ”፣ ሲመለስ “ሊቭስ”። ሲሄድ “ማውስ”፣ ሲመለስ “ማይስ”። ቃሉ ጥርት ያለ፣ የተተኮሰ ነው። ራዲዮ ራሷ ሁልጊዜ የምትሳሳትበትን ማውስን እንኳ አልሳተችም። ኧረ እንዲያውም ልጅቷ ያላስተማረቻቸው ቃል ሁሉ አለበት፤ ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

አሁን ራዲዮ እዚያው ቆማ መስማት ነበረባት። ግን ራዲዮ ናት፣ ምን ታድርግ? በሩን በጋሪው በርግዳ እያጨበጨበች ገባች። “ታውቂዋለሽ። ያልኩት አልቀረም፣ ታውቀዋለች ብያቸው ነበር። በይ ድገሚው፣ ልጥራቸውና በፊታቸው ድገሚው።”

ካውያ ካውያዋን አቆመች። እንፋሎቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ራዲዮ በዚያ ሁሉ ዘመን ከአፏ ሰምታው የማታውቀውን ያህል ረጅም ነገር ተናገረች። “አንቺ ባለሽበት የእኔ ተራ አይደርስም። ሰው ስሜን ሲጠራ እንኳ አንቺ ነሽ አቤት የምትይው። አንድ ነገር ለብቻዬ ልይዝ ፈልጌ ነበር፣ እሱንም እያጨበጨብሽ መጣሽበት።”

ይሄን ብላ ወደ ሸሚዙ ተመለሰች።

ራዲዮ ወጣች። ጋሪውን እዚያው ትታው ወጣች። መጸዳጃ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ አለቀሰች፤ ከዚያ ተናደደች፣ ከዚያ ደግሞ እውነቷን ነው አለች፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲያ አንሶላውን ያጥፋሉ፣ ጫፍ ከጫፍ ይገጥማል፣ እጅ ከእጅ ይነካካል፤ ግን ቃል የለም። ካውያ እንደድሮዋ ናት፣ ዝም ያለችው ራዲዮ ናት። ማሽኑ ሲጨምቅ የሚያሰማው መንገጫገጭ ከድሮው የበለጠ ጮሆ ተሰማ። በመስኮቱ ያ ሁሉ እግር እያለፈ ማንም ምንም አላለውም።

የፈተናው ቀን ማድረቂያው ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር አንሶላው ሁሉ ጣሪያ ላይ ነው የተሰጣው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ እየሰበሰቡ፣ ቅርጫት እየሞሉ ሳለ ጋሼ ቀስበሉ እያለከለኩ ወጡ። “ሥራ አስኪያጇ ስብሰባ አለባት፣ የፈተናውን ሰዓት አስቀድማዋለች። አሁኑኑ ኑ። ቀስ በሉ ግን።” አንሶላውን ጣሪያ ላይ ጥሎ መውረድ የማይሆን ነው፤ ቅርጫቱን በግራና በቀኝ ይዘው እንዳሉ ወረዱ።

የስብሰባ አዳራሹ ምንጣፍ አለው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ረጅም መጋረጃ። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ በሱ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው፤ አንድም እግር አያልፍም። ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ተቀምጣለች፣ ሪሴፕሽኒስቷ ከጎኗ፣ ጋሼ ቀስበሉ ከበሩ አጠገብ። ጠረጴዛው ላይ ልዩ ልዩ ዕቃ ተደርድሯል። ክፉ ሴት አይደለችም ሥራ አስኪያጇ። “ሁለታችሁም ግቡ፣ አትጨነቁ” አለች። ቅርጫቱን በሩ ሥር አስቀመጡና ወንበር ላይ ጫፍ ጫፉን ተቀመጡ።

መጀመሪያ ካውያ ተጠራች። ሥራ አስኪያጇ ቢላ አነሳች፤ ይሄ ምንድነው፣ ሲበዛስ? ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

ዝም።

ካውያ ቢላውን አየችው፣ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። “ቀለል ባለው እንጀምር” አለች ሥራ አስኪያጇና ብርጭቆ አነሳች። አሁንም ዝም። ግላስ፣ ግላሰስ፤ ባለ ቀለሙ ጋሪ፤ ቃሉ ራዲዮ አፍ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ይገላበጣል። ሪሴፕሽኒስቷ ከጠረጴዛው ማዶ በዓይኗ እየለመነቻት ነው፣ በፈጠረሽ እንዳትመልሺ። ራዲዮ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ያዘች። እንዲህ ያለ ስቃይ ስትወልድም አላየችም። ሥራ አስኪያጇ በጣም በለዘበ ድምፅ፣ “ችግር የለም፣ እትዬ። አዲሱም ቦታ ጥሩ ነው” አለች።

ያኔ ነው ራዲዮ የካውያን እጅ ያየችው። ጭኗ ላይ ነው፤ የሽርጧን ጫፍ ይዞ ይዘረጋል፣ ያለሰልሳል፣ ያጥፋል። ጫፍ ከጫፍ። እንደገና ይዘረጋል። ራዲዮ የዚያን ጠዋት ካውያው ሲሄድ ሲመለስ ትዝ አላት፤ ሲሄድ አንዱ ቃል፣ ሲመለስ ሌላው። ለካ የዚህች ሴት ምላስ ያለው እጇ ላይ ነው።

ተነሳች። “እትዬ፣ የእርስዎ ተራ ገና ነው” አለች ሥራ አስኪያጇ። ራዲዮ ምንም አልመለሰችም። ይሄን ያዩት ጋሼ ቀስበሉ የዚያኔ ነው የደነገጥኩት ሲሉ ኖረዋል። በሩ ሥር ካለው ቅርጫት ፀሐይ ያሞቀውን አንሶላ አንስታ፣ ሁለቱን ጫፍ ራሷ ይዛ፣ ሁለቱን ለካውያ ዘረጋችላት። ቃል አልተናገረችም። ዓይኗ ግን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፣ ማንም ያየው ያውቀዋል።

ካውያ አንሶላውን አየች። ራዲዮን አየች። ተነሳችና ጫፉን ያዘች።

ሸሸት አሉ፣ ወጠሩት፣ አንዴ አራገፉት። ሳይነገራት ሥራ አስኪያጇ ቢላውን እንደገና አነሳች። ካውያ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። “ናይፍ” አለች። እጅ ለእጅ ተገናኙ፣ ጫፉን ተረከበች። “ናይቭስ።” ራዲዮ ጎንበስ ብላ እጥፋቱን አነሳች። ብርጭቆ፣ ግላስ፣ ግላሰስ። ፎጣ፣ ሹካ፣ የሐር ስካርፍ። አንዱ አንሶላ አለቀ፣ ሌላው ተነሳ። ሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሲያልቅባት በግድግዳው ሥዕል ላይ ያሉትን ልጆች አሳየች፣ የራሷን ጥርስ አሳየች፣ በመጨረሻም ተንኮል ብልጭ አለባትና ሱሪዋን ነካች።

“ትራውዘርስ” አለች ካውያ።

“አንድ ሲሆንስ?” አለች ሥራ አስኪያጇ በእንግሊዝኛ።

ካውያ ጫፉን ገጠመች። “ትራውዘርስ። አንድም ቢሆን።”

ሪሴፕሽኒስቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋሼ ቀስበሉ ቀስ በሉ ማለት ረስተው አጨበጨቡ።

“አሁን እርስዎ” ተባለች ራዲዮ። ሥራ አስኪያጇ ማንኪያ ከፍ አደረገች። ማንኪያ። ከነጩ ሁሉ ነጭ፣ ሕፃን የሚመልሰው። ራዲዮ አፏን ከፈተች፣ ምንም የለም። ጭንቅላቷ ውስጥ ያሉት ጋሪዎች ሁሉ ተገልብጠዋል፣ ነጩ ከቀለሙ፣ በጉ ከማንኪያው ተደበላልቋል። በሕይወቷ ቃል ያጣችው የዚያን ጊዜ ነው። መብራት እንደጠፋበት ራዲዮ ድርቅ ብላ ቆመች።

ካውያ አየቻት። መልሱን ታውቀዋለች፣ አፏም ላይ መጥቷል፤ ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር። ግን መልሳ ዘጋችው። ዞር ብላ ከታጠፉት አንሶላዎች የላይኛውን አነሳች። ጫፉ ከጫፉ ልክክ ያለ፣ አንድ መስመር ያልተዛነፈ። ያንን አንሶላ፣ የታጠፈ አይዘረጋም የምትለው ያቺ ሴት፣ በሁለት እጇ ይዛ ብትን አደረገችውና ጫፉን ለራዲዮ ሰጠቻት።

“ዘረጋሽው” አለች ራዲዮ በሹክሹክታ።

“ያዢ” አለች ካውያ።

ያዘች። ወጠሩት። ወደፊት ሲራመዱ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው “ስፑን” የሚለው ከአፏ ወጣ፣ እጃቸው ሲገናኝ “ስፑንስ”። ከዚያ በኋላማ ማን ይዞ ያቁማት፣ ያልተጠየቀችውን መጋረጃውን፣ ወንበሩን፣ አምፖሉን ሁሉ አበዛችው። በቃ እትዬ፣ በቃ እስኪሏት ድረስ።

ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልትስቅም ልትኮሳተርም አልቻለችም። “ጥሩ ነው” አለች በመጨረሻ። “ግን እንግዳው በር ላይ ስትደርሱስ? እንዲህ አንሶላ እያጠፋችሁ ልታናግሩት ነው?”

ራዲዮ አፏን ከፈተች። የካውያ ክርን ጎኗን ገፋ ሲያደርጋት ዘጋችው።

“የእንግዳ ልብስ ልናደርስ ስንሄድ” አለች ካውያ፣ ሴትዮዋን ቀጥ ብላ እያየች፣ “እጃችን መቼ ባዶ ይሆናል?”

ሥራ አስኪያጇ አሰበችበት። ከዚያ ሳቀች፣ ከልቧ። “ሁለታችሁም እዚሁ ናችሁ” አለች። “ሂዱ፣ አንሶላው ይጠብቃችኋል።”

ቅርጫቱን በግራና በቀኝ ይዘው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ላውንደሪው ውስጥ የቀሩት ሠራተኞች ማሽኑን አስቁመው ከበቧቸው። “እንዴት ሆነ?” አሏቸው። ዓይናቸው ግን ካውያ ላይ ነበር፤ የፈሩት ለሷ ነዋ። ራዲዮ አየር ሳበች። ከዚያ ያን ሁሉ አየር እንደያዘች፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ጥርሷን ገጥማ ቆመች። የሷ ተራ አይደለም። ብትሞትም አትናገርም።

ካውያ ይሄን አየች። ያንን የተበተነውን አንሶላ እንደገና ደረቷ ላይ እያለሰለሰች፣ በረጅሙ ተነፈሰች።

“እሷ ትንገራችሁ” አለች። “እኔ የዛሬውን ጨርሻለሁ።”

ራዲዮም ነገረቻቸው። ማሽኑ እስከ ማታ አልተነሳም።